በሽተኛን ከሆስፒታል እስከ ቤቱ የሸኙት የሲስተር ታቢታ ኩማ የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ታቢታ ኩማ ሐምሌ 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ከአባታቸው ከወንጌላዊ ኩማ ሐመሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራሔል ዋሪሶ፣ ከይርጋለም ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ የሲዳማ የገጠር መንደር ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። ክረምቱ የከበደበት ሳምንት ስለነበር አዋላጇ ወንዙን ተሻግራ እስክትደርስ ሕፃኗ ቀድማ መጥታ እንደቆየቻት እናታቸው ሲያወሩ ኖረዋል፤ «ታቢታ ከሆዴ ጀምራ ሰው መጠበቅ አትወድም» ይሉ ነበር።

ያደጉት በእንሰትና በቡና ተክል መካከል፣ አባታቸው በየአጥቢያው እየዞሩ ሲያስተምሩ እናታቸው ቤቱንም ማሳውንም ይዘው በሚያድሩበት ቤት ነው። በቤት ሲዳሙ አፎ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ይናገሩ ነበር። አማርኛቸው እስከ መጨረሻው የትውልድ መንደራቸው ለዛ አልተለየውም፤ እርሳቸውም እንዲለየው አልፈለጉም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃውን በይርጋለም ተከታትለው በ1974 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ሲስተር ታቢታ ነርስ እሆናለሁ ብለው አልተነሡም። ልባቸው ያለው መምህርነት ላይ ነበር። ነገር ግን የመምህራን ማሠልጠኛው ምዝገባ በሚያበቃበት ዋዜማ የጊዳቦ ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያ ጠፋ። ውኃው ጎደል ሲል ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በቡና መኪና ላይ ተጭነው አዋሳ ሲደርሱ ምዝገባው ተዘግቷል። ወንድማቸው እንመለስ ቢሏቸው እምቢ አሉ። እዚያው አጥሩ ላይ ከተለጠፉት ማስታወቂያዎች መካከል የነርስ ሠልጣኞችን የሚጠራውን አንብበው ሰልፍ ያዙ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተማሪዎች ይህን ሙያ እንዴት እንደመረጡት ሲጠይቋቸው፣ «እኔ አልመረጥኩም፤ ወንዝ መረጠልኝ» እያሉ ይስቁ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ሥልጠናቸውን ጨርሰው በዲላ አካባቢ በሚገኝ የገጠር ጤና ጣቢያ ተመደቡ። በዚያ ጣቢያ ሐኪምም አምቡላንስም አልነበረም። ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ አሸክመው፣ አስፋልት ዳር ወጥተው የሚያልፈውን መኪና የሚለምኑት እርሳቸው ነበሩ። በዚያ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ጠባይ አወጡ። ወደ ሆስፒታል የላኩት በሽተኛ ምን ላይ እንደደረሰ ሳይሰሙ አያርፉም። የገበያ ቀን ከዲላ የሚመለስ ሰው ሁሉ በጤና ጣቢያው በር ሳይጠየቅ አያልፍም ነበር። «ያቺን ልጅ አየሃት? ተገላገለች?» መልሱ አንዳንዴ ደግ፣ አንዳንዴ ክፉ ነው። ክፉም ቢሆን ካለማወቅ ይሻላል ይሉ ነበር።

በ1981 ዓ.ም. ወደ አዋሳ ተዛወሩ። የዚያን ጊዜዋን ከተማ የኖረባት ያውቃታል። ከዳር እስከ ዳር በእግር የምታልቅ፣ ታክሲዋ የፈረስ ጋሪ የሆነ፣ ሰው ሁሉ ሰላምታ እየተሰጣጠ የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። ሲስተር ታቢታ ከሥራ መልስ ነጭ ጋዋናቸውን በዘንቢል ከትተው፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በዋርካዎቹ ጥላ ሥር ወደ ሐይቁ ይወርዱ ነበር። አሞራ ገደል ደርሰው፣ ከጀልባ የወረደውን ዓሣ አስጠብሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው ሲጨዋወቱ ይመሻል። በእርጅናቸው ዋዜማ እንኳ በባጃጅ በዚያ መንገድ ሲያልፉ አንገታቸውን አውጥተው፣ እገሌ የምትባል ነርስ እዚህ ጋ ወደቀች፣ እዚህ ጋ ደግሞ ዝናብ አገኘን እያሉ ለልጆቻቸው ይተርኩ ነበር።

ከአቶ በርናባስ ላንቃሞ ጋር የተዋወቁት በቤተ ክርስቲያን ነው። ሲስተር ታቢታ በመዘምራን ቡድን ውስጥ ነበሩ፤ አቶ በርናባስ ደግሞ የአጥቢያዋን አግዳሚ ወንበሮች የሚሠሩ ወጣት አናጢ። መዘምራኑ በሚለማመዱበት ሰዓት ብቻ የሚጠገን ወንበር እንዴት እንደሚበዛ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ያስተውሉ ነበር። ጥር 1982 ዓ.ም. በዚያችው አጥቢያ ጋብቻቸውን ፈጽመው ኢዮስያስን፣ ሰላማዊትንና ኢያኤልን አፈሩ።

ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት በአንድ የከተማዋ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ መጨረሻ ላይም በክፍሉ ኃላፊነት አገለገሉ። በዚሁ መካከል በክረምት መርሐ ግብር ተምረው በነርስነት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። በሥራቸው ጥብቅ ነበሩ። የአስታማሚውን ስም ከበሽተኛው ስም እኩል ይይዙ ነበር፤ በሽተኛውን ወደ ቤቱ የሚወስደው አስታማሚው ነዋ። ይሁን እንጂ ሕይወታቸውን ወደ ሌላ መንገድ የመለሰው ነገር የመጣው ከዚያው ከአስታማሚ ወገን ነው።

በ2000 ዓ.ም. አቶ ሙህዲን የተባሉ የጭነት መኪና ሾፌር በመገልበጥ አደጋ አከርካሪያቸው ተጎድቶ ወደ ክፍሉ ገቡ። ሁለት ወር ተኩል ተኙ። ሲስተር ታቢታና ባልደረቦቻቸው በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጡ፣ ገላቸው ላይ አንዲት ቁስል ሳትወጣ ወደ ቤታቸው ሸኟቸው። በሃያ ስድስተኛው ቀን አቶ ሙህዲን ተመልሰው መጡ። ወገባቸውና ተረከዛቸው እስከ አጥንት ቆስሎ በትኩሳት ይነዱ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳያት አስከሬኑን ሊወስዱ በመጡ ጊዜ በኮሪደሩ ላይ ሲስተር ታቢታን አገኟቸው። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት።

«ሲስተር፣ አገላብጪው አላችሁኝ። እኔም አገላብጬዋለሁ። በስንት በስንት ሰዓት፣ እንዴት አድርጌ፣ እሱን ግን ማንም አላሳየኝም» አሉ።

ሲስተር ታቢታ በዚያን ቀን ቤታቸው ገብተው ለአቶ በርናባስ የነገሩትን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል። ያ ሰው ሆስፒታል ውስጥ አልሞተም፣ ቤቱም አልሞተም፤ የሞተው በሁለቱ መካከል ነው አሉ። በሩ ድረስ እንሸኛለን፣ ከበሩ ወዲያ ግን የማንም አይደለም አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በሥራቸው ላይ ቆዩ እንጂ ልባቸው ከበሩ ወዲያ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ፈቃድ አግኝተው፣ በ2003 ዓ.ም. በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ከአቶ በርናባስ የእንጨት ሥራ ቤት ፊት ለፊት ባለችው ክፍል «ኑኃሚን የቤት ለቤት እንክብካቤ»ን ከፈቱ። ሥራው ነርሶችን በየቤቱ እየላኩ ከሆስፒታል የወጣውን ሰው ቁስል ማጠብ፣ መድኃኒቱን መከታተልና ቤተሰቡን ማስተማር ነበር። ወደ ሥራ ከጠሯቸው ሰዎች የመጀመሪያዋ ወይዘሮ ሳያት ናቸው። ባላቸውን በቀበሩ በሦስተኛው ዓመት፣ ሰው እንዴት እንደሚገላበጥ ለሌሎች ሚስቶችና ልጆች ማስተማር ጀመሩ። አቶ በርናባስም ለበሽተኞች የሚስተካከል የጀርባ መደገፊያ፣ ለአልጋ እግር ማስረገጫ ከእንጨት ይሠሩ ነበር። የእጃቸው ሥራ ዛሬም በብዙ የሐዋሳ ቤቶች አለ።

የመጀመሪያው ዓመት አስቸጋሪ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያገኙት ዘጠኝ በሽተኛ ብቻ ነው። ሁሉም በጎረቤትና በቤተ ክርስቲያን በኩል የመጡ፣ ሁሉም ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የጠሩ ነበሩ። ሲስተር ታቢታ አንድ ነገር ተረዱ። ሥራቸው መጀመር ያለበት በሽተኛው ከሆስፒታል አልጋው ሳይነሣ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የሚልካቸው ሐኪም መኖር አለበት። ደብዳቤ አጽፈው ከሆስፒታል ሆስፒታል ዞሩ። አንዱ ቦታ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። ሌላው ቦታ፣ ሪፈር የሚባለው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ነው እንጂ ወደ ቤት የሚባል ሪፈር አናውቅም ተባሉ። ከእነዚህ በአንደኛው የቀዶ ሕክምና ክፍሉን የሚመሩት ዶክተር አልአዛር ፍቃዱ ግን አስቀምጠው አነጋገሯቸው።

«ሲስተር፣ እርስዎን በስም አውቃለሁ፤ ሥራዎን ግን አላውቅም። በሽተኛዬን ወደማላውቀው እጅ አልልክም» አሏቸው።

«ልክ ነዎት ዶክተር። ሳያውቁን አይላኩ። እንዲያውቁን ግን በር ላይ እንድቀመጥ ይፍቀዱልኝ» አሉ ሲስተር ታቢታ።

ተፈቀደላቸው። ከሆድ ጀምሮ ሰው መጠበቅ አይወዱም የተባሉት ሴት፣ በየሳምንቱ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት በዚያ ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ላይ አምስት ወር ተቀመጡ። የክፍሉ ነርሶች መጀመሪያ አልወደዷቸውም፤ በሽተኛ ሊነጥቁ ወይም ጉድለት ሊለቅሙ የመጡ መስሏቸው ነበር። ሲስተር ታቢታ ማንንም አልተቹም። ሊወጣ የተቃረበ በሽተኛ ካለ አስታማሚውን አስፈቅደው ጠርተው፣ ቁስል እንዴት እንደሚሸፈን፣ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደሚሸጋገር ያሳያሉ፤ ከዚያ ወደ አግዳሚያቸው ይመለሳሉ። በሦስተኛው ወር ነርሶቹ ራሳቸው ብቅ እያሉ፣ «ሲስተር፣ እስቲ እኚህን ሰው ይዩልን» ይሉ ጀመር።

በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ዶክተር አልአዛር የመጀመሪያዋን በሽተኛ ላኩ። ወይዘሮ ሂሩት የተባሉ የሰባ አራት ዓመት እናት ነበሩ፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ቤታቸው ሐይቅ ዳር ነው፤ ልጆቻቸው ምግብ ቤት ስለሚያሠሩ ቀን ቀን አጠገባቸው ሰው አይኖርም። ሲስተር ታቢታ ራሳቸው ሄደው ጀመሩ። በሁለተኛው ቀን አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈው፣ ይዘው ወደ ዶክተሩ ቢሮ ሄዱ። ደብዳቤው ታካሚዎ ዛሬ ጠዋት በድጋፍ ከአልጋቸው እስከ መስኮቱ ሄደዋል፤ ቁስላቸው ደርቋል፤ ሌሊት ግን እግራቸው ያብጣል፤ ምን እናድርግ የሚል ነበር።

ዶክተር አልአዛር ደብዳቤውን ቆመው አነበቡት። መልሱን ከሥሩ ጽፈው ሰጡ። ቆይተው ለቤተሰቡ እንደተናገሩት፣ በሕክምና በኖሩበት ዘጠኝ ዓመት ያሰናበቱት በሽተኛ ቤቱ ገብቶ ምን እንደሆነ ሰው መጥቶ ሲነግራቸው ያ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ሳምንት ሁለት ሌሎች ላኩ።

ከዚያ በኋላ ይህ የኑኃሚን ሕግ ሆነ። በሽተኛ ለላከ ሐኪም ሁሉ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ይጻፍለታል። ደግም ቢሆን ክፉም ቢሆን ይጻፋል። ሲስተር ታቢታ ለአዳዲስ ነርሶች፣ ሐኪም የላከውን ሰው ወሬ ካልሰማ ሁለተኛ አይልክም፤ ቢልክም ልቡን አይልክም ይሉ ነበር። ስልክ በየኪሱ በገባበት ዘመን እንኳ ደብዳቤው በእጅ እንዲደርስ ይፈልጉ ነበር፤ ወረቀት ያደረሰ ሰው ፊት ለፊት ይጠየቃል፣ የተጠየቀም ይማራል ብለው ያምኑ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ኑኃሚን ከአራት ሆስፒታሎች በሽተኛ ይቀበል ነበር። ነርሶቹ አሥራ አራት ደርሰዋል። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ የነርስ ተማሪዎች፣ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰቡ ልጆች፣ በእርሳቸው እጅ የቤት ለቤት ልምምድ ይወስዱ ነበር። ፈተናው ግን አብሮ አደገ። ከአንድ የሆስፒታል ክፍል አንድ ሰው ቀርቦ ለሚላከው በሽተኛ ሁሉ ድርሻ እንዲታሰብለት ጠየቃቸው። ሲስተር ታቢታ አልተሳደቡም፣ አልከሰሱም፤ ከክፍሉ በር ወጥተው ሄዱ። በሽተኛ የሚላክልን ይሻለዋል ተብሎ ካልሆነ ባይላክ ይሻላል አሉ። ከዚያ ክፍል ለአራት ወር ማንም አልተላከም፤ በአምስተኛው ወር ሰውየው ሲቀየር መንገዱ ተከፈተ።

ከዚያ ዘመን ቤተሰቡ የማይረሳው አንድ ቀን አለ። ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝ አንድ የሲዳማ ሽማግሌ በኑኃሚን ይረዱ ነበር። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ሲደርስ፣ ከእንግዲህ የበዓሉን አደባባይ ጉዱማሌን ሳላይ እሞታለሁ ብለው ምግብ እምቢ አሉ። ሲስተር ታቢታ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው፣ ከአቶ በርናባስ ጋር ወንበር በፒካፕ ላይ አስረው ወሰዷቸው። ሽማግሌው የበዓሉ ጭፈራ የቄጣላው ዜማ ሲነሣ በደህናው እጃቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ተቀበሉ። ሲስተር ታቢታም በልጅነታቸው መንደር የሰሙትን ዜማ ረስተውት እንዳልነበር በዚያ ቀን ታወቀ። ሽማግሌው ወደ ቤት ሲመለሱ ምግብ ጠየቁ።

በ2011 ዓ.ም. የሆነውን ሲስተር ታቢታ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ሳይደብቁ ይናገሩት ስለነበር እዚህም ይጻፋል። አቶ ዮሐንስ የተባሉ ከዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በጡረታ የወጡ ሰው እግራቸው ውስጥ ደም ረግቶ ታክመው፣ ሁለት የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይዘው ወደ ቤት ወጡ። አንደኛው በአሥረኛው ቀን እንዲቆም ተጽፏል። የተጻፈው ግን በወረቀቱ ጀርባ ነበር፤ የኑኃሚን ነርስ ጀርባውን አላየችም። አቶ ዮሐንስ ስድስት ተጨማሪ ቀን ሁለቱንም ወሰዱ። ከዚያ ሆዳቸው ውስጥ ደም ፈስሶ፣ ራሳቸውን ስተው ወደ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ በጊዜው የቆመ ስለመሰላቸው ጨጓራ ነው ብለው ጠረጠሩ፤ ለምርመራ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ሊልኳቸው ተዘጋጁ።

ሲስተር ታቢታ ነገሩን ያገኙት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የአቶ ዮሐንስን ፋይል ከመጀመሪያው እያነበቡ ሳለ ነው። ወረቀቱን ገለበጡት። የድርጅቱን አስተዳደር ይመራ የነበረው የበኩር ልጃቸው ኢዮስያስ አጠገባቸው ነበርና ጀርባውን አሳዩት።

«እማዬ፣ ሰውየው እየተሻላቸው ነው። ይህን ብታወሪ ስምንት ዓመት የሠራሽው በአንድ ቀን ይፈርሳል» አላቸው።

«ጨጓራ ነው ያሉት እኛ ስላልነገርናቸው ነው፤ ለማያስፈልግ ምርመራ አንድ ደካማ ሰው መንገድ ሊያስገቡ ነው። እነሱ የሚያክሙት እኛ በምንነግራቸው ነው፣ ልጄ። ነገራችን ጎደሎ ከሆነ ሕክምናቸውም ጎደሎ ነው» አሉት።

ተነሥተው ሄዱ። መጀመሪያ በአልጋው አጠገብ ለአቶ ዮሐንስና ለባለቤታቸው ነገሩ፤ ቀጥለው ለዶክተር አልአዛር። ወረቀቱን ፊታቸው ዘርግተው፣ የነርሷን ስም ሳይጠሩ፣ «እኛ ነን የሳትነው» አሉ። የደሙ መፍሰስ ምክንያት ታወቀ፣ የአዲስ አበባው ጉዞ ቀረ፣ አቶ ዮሐንስም በሳምንቱ ዳኑ። ሆስፒታሉ ግን ወደ ኑኃሚን በሽተኛ መላክ አቆመ። ወሬው ሌሎቹም ዘንድ ደረሰ። ከአሥራ አራቱ ነርሶች አምስት ቀሩ። በዚያ ሰሞን ታናሽ ወንድማቸው ሕዝቅያስ ሊያጽናኗቸው ቢመጡ፣ ሐይቁ ዳር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኟቸው። ሲስተር ታቢታ በተናገሩት አልተጸጸቱም። ያለቀሱት ስለ አቶ ሙህዲን ነበር፤ ከእሳቸው በኋላ ማንም በመካከል አይወድቅም ብዬ ነበር፣ እኔው ጣልኩት አሉ።

ሰባት ወር እንዲህ አለፈ። አቶ ዮሐንስ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ተመልሰው ገብተው መውጫቸው ሲደርስ፣ ቤት የሚከታተልዎት ሰው አለ ወይ ተብለው ተጠየቁ።

«ኑኃሚኖችን ጥሩልኝ። የሳቱትን ማንም ሳይጠይቃቸው መጥተው የነገሩኝ እነሱ ናቸው» አሉ።

ዶክተር አልአዛር ያኔውኑ ስልክ ደወሉ። አንድ ግዴታ ግን አኖሩ። ከዚህ በኋላ ማንኛውም በሽተኛ ሲወጣ፣ የሆስፒታሉ ነርስ፣ የኑኃሚን ነርስና አንድ የቤተሰብ ሰው በአልጋው አጠገብ ቆመው የመድኃኒቱን ወረቀት ከፊት እስከ ጀርባ ጮክ ብለው አብረው ያነቡታል። ሲስተር ታቢታ ይህን ግዴታ ማምጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ ብለው ተቀበሉ። በዓመቱ ሌሎቹ ሆስፒታሎችም ያንኑ ንባብ ይዘው ተመለሱ። ያቺ የተሳሳተችው ነርስ አልተባረረችም። ዛሬ በኑኃሚን ለአዳዲስ ነርሶች ይህን ንባብ የምታስተምረው እርሷ ናት፤ ታሪኩ በዚህ ጽሑፍ እንዲገባ የጠየቀችውም ራሷ ነች።

በቤታቸው ሲስተር ታቢታ ሌላ ሰው ነበሩ ቢባል ሐሰት ይሆናል። በቤትም ጥፍር ይመረምራሉ፣ የተነካካ ቁስል ካዩ ይቆጣሉ። ነገር ግን መሳቅ ይወዱ ነበር። ከተማውን የሚያውቁት በመንገድ ስም ሳይሆን በበሽተኞቻቸው ነው፤ «የዳሌዋ እናት ቤት ጋ ታጠፍ» ሲሏቸው ባጃጅ ነጂዎች ግራ ይጋባሉ። እሑድ ከአምልኮ መልስ ልጆቻቸውን ይዘው ሐይቁ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ይገዙላቸው ነበር፤ ልጆቹ አድገው የልጅ ልጆች ሲመጡም በቆሎው አልቀረም። የዱሮ ባልደረቦቻቸው አንድ በአንድ ከከተማው ሲለቁ ወይም ሲያርፉ፣ ያን የዋርካ ጥላ መንገድ አብሯቸው የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ መሄዱ ያሳዝናቸው ነበር።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የሆድ ሕመም ጀመራቸው። የቆሽት ካንሰር መሆኑ በታወቀ ጊዜ አዲስ አበባ ሄደው ሕክምናቸውን በትዕግሥት ተከታተሉ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤትዎ ቢሆኑ ይሻላል አሏቸው። ከሆስፒታል በወጡበት ቀን የመድኃኒት ወረቀታቸው በአልጋቸው አጠገብ ሲነበብ ሁለት ቦታ አቋርጠው አነባበቡን አረሙ። ቤታቸው ከገቡ በኋላ ያገላብጧቸው የነበሩት ወይዘሮ ሳያት ናቸው። ዶክተር አልአዛርም በየሳምንቱ እየመጡ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጡ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ድሮዋ አዋሳ ነበር የሚጨዋወቱት።

ሲስተር ታቢታ ቅዳሜ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ እጃቸውን በባለቤታቸው እጅ ላይ እንዳደረጉ ዐረፉ። ባለቤታቸውን አቶ በርናባስ ላንቃሞን፣ ልጆቻቸውን ኢዮስያስን፣ ሰላማዊትንና ኢያኤልን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን ሕዝቅያስንና ሁለት እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ስለ ቀብራቸው የተዉት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ በዚያ ቀን አንድም በሽተኛ እንዳይታለፍ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በሚነበብበት በዚህ ሰዓት ወይዘሮ ሳያትና አራት ነርሶች በመካከላችን የሉም። አንዷ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሁለቱ ምሥራቅ፣ ሌሎቹ ሐይቅ ዳር ናቸው። ቁስል እያጠቡ፣ ሰው እያገላበጡ ነው። ሊያለቅሱ ከእኛ ይልቅ ይገባቸው ነበር፤ ቤተሰቡም ይህን ያውቃል።

ደካማን ሁሉ የሚያሳርፍ ጌታ የእህታችንን ነፍስ በዕረፍቱ ይቀበል፤ የቀሩትን ያጽናና። ዛሬ ከዚህ የሌሉትንም እጆች ያበርታ። አሜን።